ልዑሉ ሲወድቅ



የዛሬ ምሽት ርእሴ የቪዲዮ ጌም ነው። ይህን ስል ከኋላ ወንበሮች ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ አልቀየምም። ከመካከላችሁ ልጁን ከስክሪን ፊት ለማንሣት ሲታገል የዋለ ወላጅ አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ በማታ መጥቼ ጌም ላወድስለት ስነሣ ቢስቅ አይፈረድበትም። ግን ሲኒማም በተወለደ ሰሞን የገበያ ትርኢት ነበር። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሆነ። ጌም ያንን ዕድሜ ዛሬ አልፎታልና እኛም ቆም ብለን ብንመለከተው ነውር የለበትም።

የመረጥኩት «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ»፣ ማለትም «የፋርስ ልዑል»፣ የሚባለውን ነው። በዶስ ዘመን ኮምፒውተር የነካ ሰው እዚህ ካለ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ በወህኒ ቤት ውስጥ የሚሮጠውን ያን ትንሽ ሰው አይረሳውም። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ አንዱን በእኛ ሌላውን በእነሱ ብል ራሴም እምታታለሁ።

የማወራው ስለ መውደቅ ነው። የዝላይ ጌም መሠረቱ ገደል ነው፤ ገደል ከሌለ መዝለል ምን ያደርጋል? እንዲህ ያለውን ጌም ጠባዩን ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ተጫዋቹ ገደል ሲገባ ጌሙ ምን እንደሚያደርገው ይይ። ይቀጣዋል? ይምረዋል? ያሾፍበታል? የፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ ሠሪዎች በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ በየጊዜው ተለዋውጧል። እኔ ይህን ተከታታይ የምወደው ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ግን ጎረቤቱን እንይ። በ1985 የወጣውን «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የማያውቅ ጥቂት ነው። ማሪዮ ከቁመቱ ብዙ እጥፍ ይዘልላል፤ አየር ላይ ከወጣ በኋላም ሐሳቡን ለውጦ ወደኋላ መመለስ ይችላል። የመሬት ስበት ለእርሱ ሕግ አይደለም፣ ምክር ነው። ገደል ቢገባ አጭር ሙዚቃ ይሰማል፣ አንድ ነፍስ ይቀነስበታል፣ እንደገና ይጀምራል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የማሪዮ ደስታው ቀላልነቱ ነው። የፈጣሪው የሺገሩ ሚያሞቶ ጥበብ የተጫዋቹ ጣትና የማሪዮ እግር አንድ እስኪመስሉ ድረስ ማፍጠኑ ላይ ነበር።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ አንድ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ተቃራኒውን ይሠራ ጀመር። ጆርዳን መክነር ይባላል፤ የኒው ዮርክ ልጅ ነው። ገና የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ «ካራቴካ» የሚል የካራቴ ጌም ሠርቶ በ1984 አሳትሞ ነበር፤ ለዚያ ሥራ የካራቴ አስተማሪውን እንቅስቃሴ ፊልም አንሥቶ፣ ከፊልሙ ላይ እየገለበጠ ሥሏል። ዘዴው የእርሱ ፈጠራ አይደለም። ማክስ ፍላይሸር የተባለው የካርቱን ሠሪ በ1910ዎቹ ያመጣው ነው። መክነር ግን ዘዴውን ማንም ባልጠበቀበት ቦታ፣ በትንሿ የቤት ኮምፒውተር በአፕል 2 ላይ አመጣው።

ለሁለተኛው ጌም ታናሽ ወንድሙን ዴቪድን ነጭ ልብስ አስለብሶ ወደ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ወሰደው። ሩጥ አለው፣ ዝለል አለው፣ ውጣ፣ ውረድ አለው፤ ሁሉንም በቪዲዮ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ያለው ድካም ዛሬ በስልኩ ቪዲዮ ለሚቆርጥ ወጣት ተረት ይመስለዋል። ያኔ ቪዲዮን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ካሴቱን ቴሌቪዥን ላይ እየከፈተ፣ በየቅጽበቱ እያቆመ፣ የቴሌቪዥኑን መስታወት በፎቶ ካሜራ አነሣው። ፊልሙን አሳጠበ። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የወንድሙን አካል ዙሪያ በጥቁር ማርከርና በነጭ የጽሑፍ ማጥፊያ ለየው። ያንን ፎቶ ኮፒ አደረገ። ቅጂውን መልሶ በቪዲዮ ካሜራ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባ። በመጨረሻም ነጥብ በነጥብ በእጁ አረመው። ይህ ሁሉ ከጣት ለማይበልጥ ሰው ነው!

የሰይፍ ፍልሚያውንም እንዲሁ ከፊልም ወሰደው። በ1938 በተሠራው የሮቢን ሁድ ፊልም መጨረሻ ላይ ኤሮል ፍሊንና ባሲል ራዝቦን ይፋለማሉ። በዚያ ረጅም ፍልሚያ ውስጥ ሁለቱ ተዋንያን በትክክል ጎን ለጎን የሚታዩበት አፍታ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። መክነር እሷን አገኛት፤ በጌሙ ውስጥ ያለው መሰንዘርና መመከት ሁሉ የተቀዳው ከእሷ ነው። ሙዚቃውን የጻፈለት አባቱ ፍራንሲስ ነው፤ ሙያው ሥነ ልቦና ነበር። እንግዲህ ወንድም ይሮጣል፣ አባት ዜማ ያወጣል፣ ልጅ ፕሮግራም ይጽፋል፤ ጌሙ የቤተሰብ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ወህኒ ቤቱ እንግባ። ሱልጣኑ ለጦርነት ከአገር ወጥቷል። ጃፋር የተባለው ወዚር ልዕልቲቱን «ወይ አግቢኝ ወይ ሙቺ» ብሎ የአንድ ሰዓት ጊዜ ሰጥቷታል። የምትወደው ወጣት ሰይፍ እንኳ ሳይኖረው ከምድር በታች ታስሯል። ተጫዋቹ 60 ደቂቃ አለው፤ የጌሙ 60 ደቂቃ ደግሞ የግድግዳ ሰዓት 60 ደቂቃ ነው። ብትሞት ደረጃውን ከመጀመሪያው ትደግመዋለህ፣ ሰዓቱ ግን አይመለስልህም። ገንዘብ የለም፣ ነጥብ የለም፣ ትርፍ ነፍስ የለም። የምትከፍለው በጊዜ ብቻ ነው።

የልዑሉ አካል ክብደት አለው። ለመሮጥ ሲነሣ አንድ አፍታ ይፈጅበታል፤ ለመቆም ሲሞክር ይንሸራተታል። አንዴ ከዘለለ አለቀ፣ አየር ላይ ንስሐ የለም። አንድ ፎቅ ቢወድቅ ጎንበስ ብሎ ይነሣል። ሁለት ፎቅ ቢወድቅ ይጎዳል። ሦስት ፎቅ ከወደቀ አይነሣም። ሹል ብረቶች ከወለሉ ብቅ ይላሉ፤ የላላ ንጣፍ ከእግሩ ሥር ይከዳዋል፤ ከላይና ከታች የሚገጥም ስለት መሐል ላይ ያገኘውን ሁሉ ለሁለት ይከፍላል። አሟሟቱ ያስደነግጣል፤ የሚሞተው እንደ ሰው የተራመደ ነገር ነውና። ማሪዮ ሲሞት ማንም ደንግጦ አያውቅም።

ለዚህ ጭካኔ ማካካሻ የተሰጠችው አንዲት ቁልፍ ናት። ሺፍትን ተጭኖ ወደፊት ያለ ተጫዋች፣ ልዑሉን በጥንቃቄ አንድ እርምጃ ብቻ ያስኬደዋል፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስም ልዑሉ በራሱ ይቆማል። ጌሙን የተማረ ሰው ሁሉ የተማረው በዚህች ቁልፍ ነው። መጀመሪያ ሮጠህ ትሞታለህ። ቀጥሎ እየለካህ ትራመዳለህ። በኋላ ርቀቱን ዐይንህ ይለምደዋል፤ ያኔ እንደገና ትሮጣለህ፣ ሰዓቱም ይበቃሃል። ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ ሥርዓት በዘመኑ ጌሞች ውስጥ አላየሁም።

አሁን የምወዳትን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ትንሽ እቆይባታለሁ። መክነር ሲጀምር ጌሙ ፍልሚያ እንዲኖረው አልፈለገም ነበር። ዝላይና ወጥመድ ብቻ ይበቃል አለ። አንዲት የሥራ ባልደረባው ግን ጌሙ ባዶ ነው፣ ጠላት ያስፈልገዋል እያለች ወተወተችው። ችግሩ ቦታ ነበር። የልዑሉ ምስሎች የኮምፒውተሩን ሜሞሪ ጠጥተውታል፤ ለሌላ ሰው ምስል የሚሆን ክፍት ቦታ የለም። መክነር ታዲያ የልዑሉን ምስል ወስዶ በአንድ ነጥብ ወደ ጎን አሸሸውና ከራሱ ጋር በአንዲት የሒሳብ ትእዛዝ አዋሐደው። ውጤቱ የሚያብለጨልጭ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የልዑሉ መንፈስ ሆነ። አዲስ ምስል አላስፈለገም። እንዲህ አድርጎ ጥላው ተወለደ።

በጌሙ ውስጥ ያለው ሕይወቱም ከአወላለዱ አያንስም። ልዑሉ መንገዱን በዘጋው መስታወት ውስጥ ሮጦ ሲዘልል፣ ጥላው በወዲያኛው በኩል ወጥቶ ይሸሻል። በሌላ ደረጃ ቀድሞ ደርሶ፣ ልዑሉ የጓጓለትን መድኃኒት ይጠጣበታል። በሌላው ደግሞ ልዑሉ ሊሻገር ሲዘልል በሩን ይዘጋበትና ወደ ገደል ይሰደዋል። በመጨረሻው ላይ ሁለቱ ሰይፍ ይዘው ይገናኛሉ። ተጫዋቹ እስከዚያ ድረስ የተማረው ጠላት ሲያይ መምታት ነው፤ ይመታል። ጥላው ሲቆስል ግን የሚቀነሰው የራሱ ደም ነው። ጥላውን የገደለ ራሱን ገደለ። መውጫው ሰይፍን ወደ ሰገባ መመለስና ወደ ጥላው መሄድ ነው፤ ሁለቱ ይዋሐዳሉ። ወዲያው ከፊት ያለው ገደል ላይ ተጫዋቹ ሲራመድ ከእግሩ ሥር ወለል ይዘረጋለታል። በሜሞሪ እጦት የተፈጠረ ነገር የታሪኩ ልብ ሆኖ አረፈ። ቦታ ቢኖረው ኖሮ መክነር ተራ ጠላት ሥሎ ይገላገል ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ጌሙ በ1989 ወጣ፤ አልተሸጠም። አፕል 2 ገበያው ያለፈበት ኮምፒውተር ሆኖ ነበርና። ያዳነው በቀጣዩ ዓመት ወደ ዶስ፣ ከዚያም ወደ ጃፓን ማሽኖችና ወደ ማኪንቶሽ መሻገሩ ነው። ወራሾቹ ብዙ ናቸው። የፈረንሳዩ ኤሪክ ሻይ በ1991 «አናዘር ወርልድ»ን ሲሠራ የሰውን እንቅስቃሴ ከቪዲዮ ቀድቷል። በ1996 የመጣችው የ«ቶም ሬይደር»ዋ ላራ ክሮፍት አረማመዷን ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ ርምጃዋ የተለካ፣ በእጇ አፋፍ ይዛ የምትንጠለጠል የልዑሉ እኅት ናት።

ስለ ፋርስ ራሷ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። የመጀመሪያው ጌም ፋርስ እውነተኛዋ ኢራን ሳትሆን የሆሊውድ ባግዳድ ናት። ጃፋር የሚለውን ስም ውሰዱ። በታሪክ የሚታወቀው ጃዕፈር የኸሊፋው ሃሩን አልረሺድ ወዚር ነበር፤ ከታወቀው የባርመኪዎች ፋርሳዊ ቤተሰብ የተወለደ፣ በ803 በጌታው ትእዛዝ የተገደለ ሰው ነው። በአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች ውስጥም ከኸሊፋው ጎን የማይጠፋ ታማኝ ሆኖ ነው የሚታየው። በ1940 «የባግዳዱ ሌባ» የተባለው ፊልም ክፉ ጠንቋይ አደረገው፤ መክነር ወረሰው፤ ዲዝኒ በ1992 በ«አላዲን» ደገመው። በጌታው የተገደለ ሰው ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ጌታውን የከዳ ተብሎ ይሳልበት! ከጌሙ ተቀድቶ በ2010 በወጣው ፊልምም ልዑሉን የተጫወተው አሜሪካዊው ጄክ ጂለንሃል ነው፤ ኢራናዊ የሆነ ተዋናይ ጠፍቶ ነው ወይ የሚል ቅሬታ አስነሥቷል።

ወደ መውደቁ ልመለስ። ሁለተኛው ጌም በ1993 ሰፋ ብሎ፣ በ75 ደቂቃ ሰዓት መጣ፤ ሕጉ ግን ያው ነው። በ1999 ሦስተኛው በሦስት አቅጣጫ ተሠራና ከሸፈ፤ እንለፈው። እውነተኛው አዲስ መልስ የመጣው በ2003፣ ከካናዳ ሞንትሪያል ነው። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ስቱዲዮ መክነርን ለድርሰቱ ጠርቶ «የጊዜ አሸዋ» የተሰኘውን ጌም ሠራ።

እዚህ ልዑሉ አንድ ጩቤ አለው። በእጀታው ውስጥ አሸዋ አለ። ገደል ሲገባ ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ጊዜ ወደኋላ ይጎተታል፣ ልዑሉ በአየር ላይ ተመልሶ አፋፉ ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ጌም በጊዜ የሚያስከፍል ዳኛ ከነበረ፣ ይኸኛው ጊዜን ራሱን ለተበዳዩ ያስረክባል። ግን በነፃ አይደለም፤ አሸዋው ያልቃል። አሸዋው አልቆ ልዑሉ ቢሞት ደግሞ ሌላ ነገር ይሰማል። ታሪኩን ከመጀመሪያው አንሥቶ የሚተርክልን ልዑሉ ራሱ ነውና፣ ድምፁ ጣልቃ ገብቶ ነገሩ እንዲያ እንዳልነበረ፣ አሳስቶ እንደተረከው ይናገራል። ሞት የተራኪ ስሕተት ሆነ! በእኔ ግምት በጌም ታሪክ ከታዩት ብልህ ሐሳቦች አንዱ ነው።

ብልሃቱ ከድርሰቱ ጋር መጋጠሙ ደግሞ ያስቀናል። አሸዋውን ለቅቆ ቤተ መንግሥቱን ሁሉ ወደ ጭራቅ የለወጠው ልዑሉ ራሱ ነው፤ አንድ ወዚር አታሎት። ስለዚህ ጌሙን ሙሉ የሚሮጠው የገዛ ጥፋቱን ለማረም ነው። ፋራ የምትባለው የሕንድ ልዕልት አብራው ትጓዛለች፤ ይከራከራሉ፣ ይዋደዳሉ። በመጨረሻ ጊዜን እስከ መነሻው ድረስ ሲመልሰው ጥፋቱ ይሰረዛል። ፍቅሩም አብሮ ይሰረዛል፤ ፋራ ማን እንደሆነ አታውቀውም። ስሕተቱን የሰረዘበት ዋጋ ይኸው ነው።

በዓመቱ የወጣው ተከታይ ይህን ሁሉ ረስቶ ልዑሉን ቁጡና ደም የጠማው አደረገው። ተሸጠ፤ ለእኔ ግን የተከታታዩ ዝቅተኛ ቦታ ነው። መክነር ራሱም በአቅጣጫውና በጭካኔው እንዳልተደሰተ በግልጽ ተናግሯል። በ2005 የወጣው ሦስተኛው ነገሩን ለማስታረቅ ሞከረ፣ በከፊልም ተሳካለት። «የጊዜ አሸዋ»ን የሠራው ቡድን ለልዑሉ አዲስ ጌም ሲያሰናዳ ደግሞ ዋናው ሰው ልዑሉ መሆኑ ቀረና ጠባቂው ገዳይ ሆነ። ያ ሥራ በ2007 «አሳሲንስ ክሪድ» ተብሎ ወጣ። ልጁ ከአባቱ የበለጠ ሀብት አፈራ፣ አባቱም በጥላው ሥር ቀረ።

በ2008 የመጣው መልስ ብዙ ሰው ያስቆጣ ነው። ልዑሉ አይሞትም። ገደል ሊገባ ሲል ኤሊካ የምትባለው ባለ አስማት ጓደኛው እጁን ይዛ ታወጣዋለች፤ ሁሌም። ተቺዎች ይህማ ጌም አይደለም፣ ሽንፈት የሌለበት ድል ምን ጣዕም አለው አሉ። ልክ ነበሩ? በግማሽ። ማንኛውም ጌም ከሞትክ በኋላ ወደ ቅርብ ቦታ ይመልስሃል፤ ኤሊካ የምታደርገው ያንኑ ነው፣ መሞትህን የሚነግርህ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ይልቅ የጎደለው የልዑሉ ክብደት ነበር። እግሩ ግድግዳ ላይ ሲሮጥ በሐዲድ የሚሄድ ይመስላል፤ ቢወድቅም ባይወድቅም አያስጨንቅም። የ1989ኙ ልዑል አንድ ፎቅ ሲወርድ ጎንበስ ማለቱ ብቻ ከዚህ ሁሉ ውበት ይበልጥብኛል።

ከ2010 በኋላ ዋናው ተከታታይ ረጅም ጊዜ ተኛ። በጥር 2024 ያልተጠበቀ ነገር መጣ፤ በፈረንሳይ ሞንፐሊየ ከተማ ያለው የዩቢሶፍት ስቱዲዮ «የጠፋው ዘውድ»ን አወጣ። ወደ ቀድሞው የጎን እይታ ተመልሷል። ጀግናው ሳርጎን ልዑል አይደለም፣ የተጠለፈውን ልዑል ሊያስመልስ ወደ ቃፍ ተራራ የሚወጣ ወታደር ነው። ተራራውን የሚገዛው የፋርሶቹ ታላቅ አፈ ታሪካዊ ወፍ ሲሙርግ ነው። ተጫዋቹ ከፈለገ ጌሙን በሙሉ በፋርስኛ ድምፅ መስማት ይችላል፤ በተከታታዩ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ። ለዚህ 35 ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም ነበር።

በዚህ ጌም ሹል ብረት ላይ የወደቀ ትንሽ ደም ከፍሎ አጠገቡ ካለው አፋፍ ይቀጥላል። የበለጠ የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አልፈው የማይሄዱበት ቦታ ሲገጥም፣ ተጫዋቹ ቦታውን ፎቶ አንሥቶ ካርታው ላይ ይሰካዋል፤ አቅሙ ሲጎለብት ይመለስበታል። ሰው ያልቻለውን ነገር በክብር የሚያስቀምጥበት ቦታ ሰጡት ማለት ነው። ሳርጎን ከሚያገኛቸው ኃይሎች አንዱ ደግሞ ጥላውን አንድ ስፍራ ትቶ ሲጨንቀው ወደ እርሱ መመለስ ነው። የ1989ኙ ጥላ ወደ ገደል ይጥል ነበር፤ የ2024ቱ ከገደል ያወጣል።

ተቺዎች አመሰገኑት፤ ሽያጩ ግን ኩባንያው የጠበቀውን ያህል አልሆነም። በዚያው ዓመት ውስጥ የሠራው ቡድን ተበትኖ አባላቱ ወደ ሌሎች ሥራዎች ተመደቡ።

ጥያቄዎቻችሁን ከመቀበሌ በፊት፣ መጫወት ለምትፈልጉ አንድ መረጃ ልስጥ። የመጀመሪያው ጌም ፕሮግራም የተጻፈባቸው ፍሎፒ ዲስኮች ለዓመታት ጠፍተው ነበር። በ2012 የመክነር አባት ዕቃ ሲያገላብጡ በአንድ ሣጥን ውስጥ አገኟቸው። ያረጀ ዲስክ ማንበብ የሚያውቁ ሰዎች ተጠርተው ይዘቱን አወጡት፤ መክነርም ማንም እንዲያየው በይፋ አወጣው። ፕሮግራም የምትጽፉ ወጣቶች፣ የጥላው ብልሃት በራሱ በደራሲው እጅ እንደተጻፈ እዚያ ውስጥ አለ። የዶሱን ቅጂ ደግሞ አድናቂዎች በዛሬ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ አድርገውታል። ስትጀምሩ ከእስር ቤቱ ከመሮጣችሁ በፊት ሰይፉን ፈልጉ፤ ባዶ እጅ የሄደን ሰው የመጀመሪያው ዘበኛ በአንድ ምት ይገድለዋል።